ዘጠኝ ጣት ለዘጠኝ ሰው

እኔንም፣ ከእኔ በኋላ ልጄንም፣ በዚያው ጀርባሽ ላዘልሽ ለእታለም ይድረስ።

እንደምን ሰነበትሽ እህቴ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? የአባባ ዓይን ከተሠራ ወዲህ ሰው ይለያል? ወይስ ዛሬም ባልሽን ጋሼን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» እያሉ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ያደርጓቸዋል? ጋሼስ ደህና ናቸው? ልጄ ሚጡስ? መሮጥ ከጀመረች ወዲህ ስንት ጊዜ ወደቀች? እኔ፣ በሩን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። በሩን ከቆጠርነው ግን ምን ልበልሽ፣ ጎተራ ውስጥ እንደታፈነ እህል ሆኛለሁ።

እታለም፣ ቅዳሜ መናኸሪያ እንደሄዳችሁ አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ አንቺን ስለማውቅሽ ነው። አውቶቡሱ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል ብዬ ከጻፍኩ አንቺ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆመሻል። የሚጡንም ጸጉር ሠርተሽ፣ እንዳትቆሽሽ በክንድሽ ይዘሻት ውለሻል። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ አይተሽ አላመንሽም፤ ሹፌሩን ጠይቀሻል፣ ውስጥም ገብተሽ ወንበሩን አይተሻል። ስልክ ቢኖረኝ ቀድሜ በነገርኩሽ ነበር፤ ስልካችንን ግን አስተዳዳሪያችን «የግቢውን ፎቶ አወጣችሁ» ብሎ ከሰበሰበ ሁለት ወር አልፎታል። ይህ ወረቀት የሚወጣው ዳቦ በሚያመጡልን ሰውዬ እጅ ነው። ስለዚህ ያልመጣሁበትን ምክንያት ከሥሩ ልንገርሽ። ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ግማሹ ላይ ስትደርሺ እንደምትሰድቢኝም አውቃለሁ፤ ስደቢኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በሩ የተዘጋብን ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ነው፤ አምስት ወር ሞላው። ማደሪያችንና የልብስ ስፌቱ አዳራሽ በአንድ ግቢ መሆናቸውን ነግሬሻለሁ። ከአልጋዬ እስከ ማሽኔ ዘጠና አራት እርምጃ ነው፤ ሄጄ ኪስ እሰፋለሁ፣ ዘጠና አራቱን ተመልሼ እተኛለሁ። የክፍላችን መስኮት የሚከፈተው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። በዚያች ስንዝር፣ ከበሩ ማዶ ያለውን መንገድ አያለሁ፤ ቀይ በር ያለው ዳቦ ቤት አለ፣ መሀል መንገድ ላይ ተዘርግቶ የሚተኛ አንድ ውሻ አለ። በዚያ ውሻ የቀናሁትን ያህል በሀብታም ቀንቼ አላውቅም። ሲፈልገው ተነስቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሲፈልገው ወደ ግራ። አስተዳዳሪውን ፊሽካ ነው የምንለው፤ ሲናገር አፍንጫው ያፏጫል፣ ሲናደድ ደግሞ ይብስበታል። ፊሽካ በሩን የዘጋው ለጤናችን እንደሆነ ይናገራል፤ እሱ ግን ማታ ማታ ቤቱ ነው የሚያድረው።

በሁለተኛው ወር በሽታው እኔን ያዘኝ። ያኔ ያልጻፍኩልሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው፣ ይቅር በይኝ። አሥራ ስምንት ቀን ማቅለሚያ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን አስተኙኝ። ያ ክፍል ከሩቅ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነው፤ እኔ ግን አንዳች ነገር አይሸተኝም ነበር፣ መታመሜንም በደንብ ያወቅሁት በዚያ ነው። እግዜር ይመስገን ዳንኩ። ስወጣ ማሽኔ ላይ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ሴቶቹ ተራ ገብተው፣ የራሳቸውን ሰፍተው ሲጨርሱ የእኔን ኪስ እየሰፉ፣ ቦታዬን ጠብቀውልኝ ነበር።

እዚህ ይህንን መሸፈን እንለዋለን። አንዷን ሆዷን ከቆረጣት ሌላዋ ሁለት ማሽን ትይዛለች። ስም ጠሪው ሲመጣ መጸዳጃ ቤት ላለችው ጓደኛዋ «አለሁ» ትልላታለች። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቱታ፣ ኮፍያና ጭምብል ነው የምንለብሰው፤ ደረታችን ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይለየናል፣ ቱታ ከተለዋወጥን ደግሞ ቁጥሩም አይለየንም። «ሸፍኚልኝ» ለተባለ ጥያቄ «ለምን?» ተብሎ አይመለስም። ሸፍና የማታውቅ ሴት እዚህ ሳምንት አትቆይም።

ባለፈው ወር ሲስተር መጣች። ሲስተር የምንላት ረጅም ቀጭን የጤና ባለሙያ ናት፤ ከሁለት ረዳቶቿ ጋር ከተማውን ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ደም ትለካለች። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ አስረዳችን። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ መከላከያ ይቀርለታል፤ ጣቱ ተወግቶ አንድ ጠብታ መመርመሪያዋ ላይ ሲያርፍ፣ መከላከያው ካለ ሁለተኛ መስመር ይወጣል። ብዙው ሰው መከላከያ ካለው በሽታው የሚሻገርበት እያጣ ይደክማል፣ ያልታመመውም ሰው በሌሎቹ ከለላ ይተርፋል፤ የመንጋ መከላከያ ይሉታል አለች። የሁላችንም ታላቅ የሆኑት ልብስ ተኳሿ እማማ ካውያ ከኋላ ሆነው «መንጋዎቹ እኛ ነን?» ብለው ቢጠይቁ ሲስተርም ሳትቀር ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ ስንት ሰው ቢኖረው እንደሚበቃ፣ መከላከያውም ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ገና በእርግጥ እንደማይታወቅ ነገረችን። የምንለካው ለማወቅ ነው እንጂ በር ለመክፈት አይደለም አለች። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም።

ፊሽካ ግን የሰማው የፈለገውን ነው። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከግቢው ስልሳ ሰው በዕጣ ይመረመራል፤ ከስልሳው ሠላሳ ዘጠኙ መስመር ካወጣ በሩ ይከፈታል፣ የዕረፍት ፈቃድም በተራ ይሰጣል ይላል። ሠላሳ ዘጠኝን ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኛ ግን ያንን ወረቀት ስናነብ እንዴት እንደሆንን ባየሽ። አንዷ በጣቷ ፊደሉን እየነካች አነበበች። አንዷ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገች። እኔ ሚጡን አሰብኩ። የአሥር ወር ልጅ ትቼያት ወጥቼ አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፣ ስታወራ በስልክ እንጂ ፊት ለፊት ሰምቻት አላውቅም።

የእኔ ቁጥር በዕጣው አልወጣም። የአልጋ ጎረቤቴ ግን ወጣላት። እሷን ሬዲዮ እንላታለን፤ ወሬ ሰምታ ካላሰራጨች ያማታል። ሬዲዮ መጸዳጃ ቤት ይዛኝ ገባችና «አንቺ እኮ ታመሽ ድነሻል፤ መስመሩ አንቺ ጋ አለ፣ እኔ ጋ የለም። ሸፍኚልኝ» አለችኝ። አየሽ እታለም፣ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ማሽኔን ከሸፈኑት አንዷ እሷ ናት። እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ቱታዋን ለበስኩ፣ ገብቼ የግራ እጄን ቀለበት ጣት ሰጠሁ፣ ሁለት መስመር ወጣ። ወሬው በሬዲዮ እጅ ስለነበረ እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ሴቶች ተጨመሩ። ምርመራው ሦስት ቀን ነበር፣ ጠረጴዛውም ሦስት ነበር፣ እኔ ጠረጴዛና ጣት እየቀያየርኩ ስምንት ቱታ ለበስኩ። በሦስተኛው ቀን «ሕዝብ ሁሉ በአንቺ ደም ነው የሚኖረው» እያሉ ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በእጄ የምገፋው መስሎኝ ነበር።

ዘጠነኛዋ እማማ ካውያ ናቸው። እሳቸው አልለመኑኝም። አስም አለባቸው፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ውስጥ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማዕዘን ላይ ያለች ትንሽ ክፍል ለብቻቸው ተሰጥታቸው፣ እዚያው መስኮት ሥር ብቻቸውን ይተኩሱ ነበር። ቁጥራቸው ሲወጣ መርፌ ፈርተው እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። እኔ ነኝ ቱታቸውን ቀልጠፍ ብዬ የወሰድኩት። «ተቀመጡ፣ እኔ እሄድልዎታለሁ» አልኳቸው። መረቁኝ። እንዴት አድርገው እንደመረቁኝ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።

ውጤቱ አርባ ሆነ። በሠላሳ ዘጠኙ ላይ በአንድ ሰው አለፍን። ፊሽካ ራሱ በሩን ከፈተው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሬዲዮ መንገዱ ላይ ወጥታ ውሻውን አቀፈችው። የፈቃድ ተራ ሲወጣ የእኔ ቅዳሜ ላይ ወደቀ። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በዚያ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ፊደሉ ሁሉ የሚጨፍረው።

በማግስቱ ግን ፊሽካ የቁጥር ዝርዝሩን ይዞ መዞር ጀመረ። መስመር ያወጣ ሰው ከእንግዲህ አይያዝም አለና ጭምብሉን አስወለቀ፣ ተራርቆ የነበረውንም አልጋ አቀራረበ። ከሌላ ከተማ ሠላሳ ስድስት አዳዲስ ሠራተኞች በአውቶቡስ አስመጣ። ዝርዝሩ ላይ የእማማ ካውያን ቁጥር አገኘ፤ መስመር አለው። ክፍላቸውን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈለገውና እሳቸውን ከዚያው ቀን ጀምሮ ከአዲሶቹ ጋር አንድ አዳራሽ እንዲተኩሱ፣ አሥራ ሁለት ሰው ባለበት ክፍልም እንዲያድሩ አዘዘ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲሶቹ አንዷ ስታስል ሰማሁ። ፊሽካ አቧራ ነው አለ። እኔ ያንን ሳል አውቀዋለሁ እታለም፤ አሥራ ስምንት ቀን አብሬው ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ቀን እንዴት ልንገርሽ? በሩ ተከፍቶ እንደዚያ ቀን ተዘግቶብኝ አያውቅም። ፈቃዴ የደረት ኪሴ ውስጥ ናት፣ ዘጠኝ ጣቴ ላይ ነጠብጣብ አለ። ብናገር በሩ ይዘጋል፣ የእኔም ቅዳሜ አብሮ ይቀራል፣ አራት መቶ ሰው ይረግመኛል። ዝም ብል የእኔ ደም ነው እሳቸውን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያስገባቸው። ለሬዲዮ ነገርኳት። «ዝም አይነቅዝም፤ አፍሽን ዘግተሽ ልጅሽ ጋ ሂጂ» አለችኝ። ምክሯ ለሁለት ሰዓት ያህል አሳረፈኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል ደግሞ፤ እስኪጠራ ድረስ እማማ ካውያ ይተነፍሳሉ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን ያ ዕረፍት ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ለእሳቸው ለራሳቸው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቱታ እያጠፉ ሰሙኝና «እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያየሁትን አይቻለሁ። አንቺ ልጅ አለሽ። ቅዳሜ ሂጂ ልጄ፣ እኔ መስኮት ፈልጌ እቆማለሁ» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። በእሳቸው ደግነት ነው የተናደድኩት፤ ሰው እንዲህ ሲልሽ መሄድም መቅረትም አትችይም። «ደግሞ አይመርቁኝ!» ብዬ ጮህኩባቸውና ወጣሁ። እስከ ዛሬ የማፍርበት እሱ ነው።

አርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሲስተር የፊርማ ወረቀቶቿን ልትሰበስብ መጣች። ሁሉም ሰው እየበላ ነበር። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ጠረጴዛዋ ጋ ሄጄ ሁለት እጄን ገልብጬ ፊቷ ዘረጋሁ። ትንሽ አየችና መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ስንተኛው ነው የራስሽ?» አለችኝ። «አንዱም አይደለም» አልኳት። አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ሲቀመጥ ሰማሁ። የሌሎቹን ቁጥር ስትጠይቀኝ የአንድ ሰው ብቻ ነው የምናገረው፣ የተኳሿን፤ የቀረውን ብትገድሉኝም አልናገርም አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእናንተ ቁጥር ከከተማው ቁጥር ጋር ተደምሮ ተልኳል አለችኝ ቀስ ብላ፤ እንደ ፊሽካ ያለ ሰው ሌሎች በሮችንም በእሱ ይከፍት ነበር። እኔ ስለ አንድ በር ብቻ ነበር ያሰብኩት እታለም፤ አንድ በር፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ልጅ።

የዚያኑ ዕለት ስልሳውም ሰው እንደገና ተመረመረ፤ በዚህ ጊዜ ከክንድ ነው፣ መታወቂያ ከፊት ጋር እየተያየ። ሠላሳ ሦስት ሆነ። ከዘጠኙ መካከል ሁለቱ ሳያውቁት ታመው ድነዋል ማለት ነው፤ አንዷ ሬዲዮ ናት፣ ጣቴን በከንቱ ነው ያስወጋችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወር ሙሉ እስቅባት ነበር። እማማ ካውያ መስመር የላቸውም። ከአዲሶቹ ሠራተኞች ሦስቱ መታመማቸው ታወቀ፤ ማቅለሚያው ክፍል ገቡ። እማማ ካውያ በሲስተር ትእዛዝ ወደ ማዕዘኗ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ይህን እስከምጽፍልሽ ድረስ ትንፋሻቸው ያው የድሮው ነው፣ አልባሰባቸውም። ፊሽካ በሩን ዘጋው። ፈቃዶቹን ሰብስቦ እፊታችን ቀደዳቸው፤ የእኔን ግን ለብቻዋ፣ ቀስ ብሎ ነው የቀደዳት። የሚከፈትበትን ቀን ስንጠይቀው አፍንጫው ብቻ ነው የመለሰልን።

አሁን ማንም አያናግረኝም። ሬዲዮ አልጋዋን ወደ በሩ አዛውራለች። ሻንጣዋን ጠርጋ የነበረችው ሴት፣ ልጇ የምትመረቅበት ቀን አለፈባት፤ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔም አልፈርድባትም። ትናንት ሆዴን አሞኝ ከማሽኔ ስነሳ ዘወር ብዬ አየሁ፤ አንድ ሰው አልተነሳም። ኪሶቹ ተከምረው ጠበቁኝ። አራት መቶ ሰው መካከል ሆኜ እንዲህ ብቻዬን የምሆን አይመስለኝም ነበር። ልክ ነው የሠራሁት? ልክ ነው እላለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግን ተጸጽቼ ነው የምነሳው። ከቀትር በኋላ እማማ ካውያ በመስኮታቸው ያንኑ የድሮ የአስም ሳላቸውን ሲያስሉ ስሰማ ጸጸቱ ለትንሽ ጊዜ ይለቀኛል። እንዲህ እየተመላለስኩ ነው። ጀግና ነሽ እንዳትይኝ፤ ጀግና ብሆን ኖሮ የመጀመሪያዋን ቱታ ባልለበስኩ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ያልመጣሁት በሩ ስለተዘጋ ነው ብቻ በያቸው፣ የቀረውን አይጨነቁበት። ለጋሼ ልጄን እንደ ልጃቸው ስለያዙልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለግድግዳ ጎረቤታችን፣ ደብዳቤዬን ከአንቺ ትከሻ በላይ ለሚያነቡት፣ እርስዎም ደህና ይሁኑ፤ እዚህ ያነበቡትን ግን እዚሁ ይተዉልኝ። አንቺን ደግሞ አንገትሽን አቅፌ፣ ግራና ቀኝ ስሜሻለሁ።

ሚጡን ምን እንደምላት ሦስት ቀን አስቤ አጣሁ። ባለፈው የጻፍሽልኝ ነገር አለ፤ «እማዬ» ብላ ስትጠራሽ «እኔ አክስትሽ ነኝ፣ እማዬ ትመጣለች» እያልሽ እንደምታርሚያት። ያኔ አንብቤው በልቤ አመስግኜሽ ነበር። እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ አታርሚያት። ስትጠራሽ «ወዬ» በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐምሌ ፲፱ ቀን